ጠቅ ብላ የቀረች ሞተር

አሶሳ ውስጥ የሴት ሞተር አልነሳ ሲል አይቶ የሚያልፍ ወንድ የለም። ያለፈ ካለ አላየኝም ማለት ነው። በዚያ ሰኔ ሞተሬ በአዝራር አልነሳ ባለችኝ ጊዜ፣ ከቀርከሃ አጥራችን ወዲያ የሚሄደው ሁሉ መንገዱን ትቶ ዘው ብሎ ይገባና "ዞር በይ እስቲ እህቴ" ይለኛል። ዞር እላለሁ። ማስነሻዋን አንድ ሁለቴ በእግሩ ሲረግጣት ድድድድ ብላ ትነሳለች። ከዚያ እጁን አራግፎ "ምንም አልሆነችም እኮ!" ብሎኝ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከዓይኔ እስኪሰወር ጠብቄ አጠፋታለሁ። አዝራሩን እጫናለሁ። ጠቅ ትላለች፤ ሌላ ነገር የለም።

"ምንም አልሆነችም" የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላው ነበር። ለእነሱማ እውነት ነው። የሞተር የእግር ማስነሻ በቀኝ በኩል ነው ያለው። የእኔ ቀኝ እግር ገና ዳዴ ስል በልጅነት ልምሻ የቀጨጨች ናት። በራሷ አካሄድ ካሰብኩበት ታደርሰኛለች፣ ፍሬን ለመርገጥም ትበቃለች። ያንን ብረት ቁልቁል መትታ ሞተር ማስነሳት ግን አቅሟ አይደለም። ሞክሬዋለሁ፤ ብረቱ ወይ ፍንክች። ያቺን ሞተር ከሌሎቹ መርጬ የገዛኋት በአውራ ጣት ለምትነካ ለዚያች አንዲት አዝራር ብዬ ነው።

ከሞተሬ በፊት የማውቀው የሰው ጀርባ ነው። መጀመሪያ የእናቴ ጀርባ ነበር፤ ትምህርት ቤት ድረስ አዝላ ትወስደኝ ነበር። ቀጥሎ የወንድሜ ሆነ፣ በብስክሌቱም በኋላም በሞተሩ። ከከተማ ወጣ ብሎ በሸርቆሌ መንገድ ካለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ እንኳ፣ ተማሪዎቼ ፊት ከወንድሜ ኋላ ነበር የምወርደው። ወንድሜ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ቢሆንም እሱ ሲያመው እቀራለሁ፣ እሱ ሲቸኩል እቸኩላለሁ፣ ስብሰባ ሲረዝምብኝ ልቤ ከስብሰባው ወጥቶ በር ላይ ይቆማል። ሞተሯን ስገዛ ከዚህ ሁሉ ተገላገልኩ። አዝራሯ ዝም ስትል ወደዚያው ልመለስ ነው ብዬ ሆድ ባሰኝ።

እናቴ ድሮም ሞተሯን አልወደደቻትም። እናቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣች ናት፤ ይህን ያህል ዘመን አሶሳ ኖራ አነጋገሯ እንዳለ ነው።

"መንገድ ላይ ብትጠፋብሽሳ ልጀ? ጫካ መኻል ቆመሽ ወንድ ልትጠብቂ ነው? ይች ነገር ካልተሠራች ትሸጥ። አንችም ከወንድምሽ ጋር ትሄጃለሽ።"

ልክ ነበረች። ከተማ ውስጥ ሰው አይጠፋም። ከከተማ ውጭ ዝናብ ላይ ብትቆምብኝ ግን ምን እንደምሆን እኔም አውቀዋለሁ።

እስከዚያው ጠዋት ጠዋት የሚያስነሱልኝ ጎረቤታችን ነበሩ። የበርታ ሰው ናቸው፤ ከጓሯቸው ባሚያና ማንጎ እየለቀሙ ገበያ ያወጣሉ። የንጋት ሶላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ ደጅ ነው። ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይይዙና "አስተማሪ! ዛሬም እምቢ አለ?" ይሉኛል። አማርኛን ያወቁት ገበያ ላይ ስለሆነ ለወንዱም ለሴቱም አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩት። ከሌሎቹ የሚለዩት "ምንም አልሆነችም" ብለውኝ አያውቁም። "ይሄ ሞተር በሽታ አለው፤ ኢንሻአላህ እናገኛለን" ነው የሚሉት።

አንድ ጠዋት እንደ ወትሯቸው ሲረግጡ ማስነሻው ተስፈንጥሮ ተመለሰና ቅልጥማቸውን መታቸው። ድምፁን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ያ ሰላም!" ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ ውሃ በጨው አሙቃ ይዛ ሮጠች። እሳቸው ይስቃሉ። ሲነሱ ቅልጥማቸው አብጦ ነበር፤ እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ አይመጡም ብዬ ነበር። መጡ። ዱላ ይዘዋል፤ ቅልጥማቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል።

"አስተማሪ፣ ዛሬ በግራ እመታለሁ።"

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። "አባባ! ሁለተኛ እንዳይነኳት! በአላህ ይዤዎታለሁ!" አልኳቸው፤ ድምፄ ሰፈሩን አዳረሰ። ዓይናቸውን አፍጠው አዩኝና ወደ እናቴ ዞር ብለው "ልጅህ ተቆጣ" አሏት። የተቆጣሁት በእሳቸው አልነበረም። እኔን ለማስነሳት ሌላ ሰው እንዲያነክስ አልፈልግም፤ አንዲት አንካሳ ለአንድ ሰፈር ትበቃለች። ያን ቀን ሰው እስኪሞላ ሰዓት በሚፈጅ ሚኒባስ ሄድኩ። ቅዳሜ ራሴ ፈትቼ አያታለሁ፣ ካልሆነም ትሸጣለች ብዬ ለራሴ ቆረጥኩ።

ከዚያ በፊት ከተማ ያለ መካኒክ ጋ ወስጃት "ባትሪዋ ደክሟል" ብሎ ቻርጅ አድርጎልኝ ነበር፤ ለውጥ አላመጣም። ስመለስበት "እኔ ጋ ትቀመጥ" አለኝ። እሱ ጋ የተቀመጡትን ሞተሮች አየኋቸው፤ ሣር በቅሎባቸዋል። ይዣት ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ማንጎው ሥር በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ካቻቢቴ አለኝ፣ ፒንሳ አለኝ፣ የሞላ ብስጭት አለኝ። ማርሹን ነፃ አድርጌ መብራቱን አበራሁ፤ ቦግ አለ። ክላክሱን ነካሁ፤ ጮኸ። አዝራሩን ስጫን ጠቅ አለና መብራቱ ድክም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው ሁሉ ባትሪ ነው የሚለው ይህን እያየ ነው።

ወንድሜ ሊጠይቀን መጥቶ ስለነበር ባትሪያችንን ተለዋወጥን። የእሱን የእኔዋ ላይ ባስረው፣ ጠቅ። የእኔን የእሱ ላይ ቢያስረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ባትሪዬ ጤነኛ ነበር።

"ተያት በቃ፣ ምን አስጨነቀሽ?" አለኝ ባትሪውን መልሶ እያሰረ። "እኔ አለሁ አይደል?"

እኔ አለሁ አይደል። ከልቡ ነው የሚለኝ፤ ሞተር የገዛሁት ግን ይህቺን ቃል ላለመስማት ነው። ብሎን መፍታቴን ቀጠልኩ። እሱም ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ቀጥሎ ጠቅ የሚለውን ነገር አየሁ። ሪሌ ይሉታል፤ አዝራሩ ሲነካ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሯን ወደሚያዞረው ዕቃ፣ በር የሚከፍተው እሱ ነው። የሪሌውን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ሳገናኛቸው ብልጭታ ተፈናጠረ። እናቴ ከደጃፉ "በስመ አብ!" አለች። ሞተሪኖው ግን እንቅ ብሎ ተወው። ሪሌውም ጤነኛ ነው ማለት ነው። ቀይ ሽቦውን ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት፤ አንድም የተላጠ ወይም የላላ ቦታ የለውም። የቀረው ራሱ ሞተሪኖው ነው። እሱ ከሞተ ደግሞ አሶሳ ውስጥ ከየት አገኛለሁ? ካቻቢቴውን ጣልኩትና ማንጎውን ተደገፍኩ።

ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ነው የማስተምረው። በባትሪ ድንጋይና በአንዲት አምፖል ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ መጀመሪያ አንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚያገናኙት። አምፖሉ አይበራም። "መሄጃውን ሠራችሁለት፤ በየት ይመለስ?" እላቸዋለሁ፣ አፌን ሞልቼ። ማንጎውን ተደግፌ እንዳለሁ ይህ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ሙሉ ቀን የለፋሁት ከቀዩ ሽቦ ጋር ነው። ጥቁሩን፣ መመለሻውን፣ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ቤታችን መብራት ሲገባ የተረፈ ወፍራም ሽቦ ነበረን። አንዱን ጫፉን በባትሪው ጥቁር በኩል፣ ሌላውን በሞተሯ ባዶ ብረት ላይ ይዤ አዝራሩን መጫን አለብኝ። አንድ እጅ ጎደለኝ።

"እማ፣ ነይ ይህን ያዥልኝ።"

"እሱን እሳት የሚተፋውን? በሞትኩት!"

"አይነካሽም። በጨርቅ ያዥው።"

ቆማ አየችኝ። ሞተሯ እንዳትሠራ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አታገኝም ነበር፤ እምቢ ብትለኝ በቃ። ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ጭቃው ላይ በርከክ አለችና ሽቦውን በማዕድ ቤት ጨርቅ ይዛ ብረቱ ላይ ጫነችው፤ ፊቷን ወዲያ አዙራለች። አዝራሩን ተጫንኩ።

ሞተሪኖው ተሽከረከረ። ሞተሯ ተነሳች! እናቴ ሽቦውን ወርውራ ወደ ኋላዋ ቁጭ አለች፤ እኔ በርጩማውን ገልብጬ ዘለልኩ፣ በየትኛው እግሬ እንደሆነ እንጃ።

ከዚህ በኋላ ጥቁሩን ሽቦ መከተል ብቻ ነው የቀረው። ከባትሪው ይወጣል፣ በመቀመጫው ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ይገባል።

ስለ ላስቲኩ ልንገራችሁ። እናቴ ቤት ውስጥ ያልተሸፈነ ነገር የለም። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፣ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ከነላስቲኩ ነው። እኔንም በዚያ ሁሉ ሙቀት ወፍራም ካልሲ እስከ ጉልበቴ አልብሳ ነበር ትምህርት ቤት የምትልከኝ፣ እግሬን ማንም እንዳያይብኝ። ሞተሯ የተገዛች ዕለት ደግሞ ሶፋ ለሚያለብሰው ሰው ሰጥታ፣ የነዳጅ ታንከሯን የፋብሪካ ላስቲክ ሳታስነሳ፣ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ብረቶች በሙሉ በወፍራም ላስቲክ አስጠቀለለቻቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አዲስ እንደሆነች እንድትኖር እፈልግ ነበርና። የአሶሳ ዝናብ ታዲያ ከላይ ይገባል፣ መውጫ የለውም።

"ላስቲኩ ውስጥ ነው የሚገባው" አልኳት ሽቦውን እያሳየሁ።

"እንዳይዝግ ብየ እኮ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ፣ እማ።"

ልፈታው ስል እጄን ገታችኝ። ማዕድ ቤት ገብታ ቢላ ይዛ ወጣችና ራሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደችው። ቡናማ ውሃ እጇ ላይ ፈሰሰ። ሽቦው ከሞተሯ አካል ጋር የሚታሰርበት ብሎን፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉት፣ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለብሶ ተበልቷል። መብራትና ክላክስ ጥቂት ኃይል ስለሚበቃቸው በዚያችው ተጨናንቀው ያልፉ ነበር፤ ሞተሪኖው ግን ብዙ ይፈልጋል፣ አላሳልፍ አለው። ብሎኑን ፈታሁት፣ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪል ፈተግሁት፣ መልሼ ላቤ ጠብ እስኪል አጠበቅሁት። በዚህ መኻል እናቴ የቀረውን ላስቲክ እየገፈፈች ታወልቅ ነበር። ታንከሯ ለካ ደማቅ ሰማያዊ ናት።

በትርፍ ሽቦ ሳይሆን በራሷ ሽቦ ተነሳች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማታ ቤት ስገባ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲኩ ወልቆ አገኘሁት። ሶፋው ግን እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሞተሬን ደጃፍ አውጥቼ ጠበቅሁ። የዱላው ኮቴ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማኝ። ጎረቤታችን እያነከሱ ገቡ፤ የባሚያ ቅርጫታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል።

"አስተማሪ፣ ሰላም? ዛሬስ?"

መልስ ሳልሰጥ አዝራሩን ተጫንኩ። ሞተሯ ስትነሳ እሳቸው እጃቸውን ታንከሯ ላይ አኖሩ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ፣ እና ቆመው አዳመጧት።

"ኸላስ፣ ድኗል" አሉ። ቀጥለውም ፈገግ እንዳሉ "እንግዲህ እኔን አትፈልግም" አሉኝ። ቅርጫታቸውን አስተካክለው በዚያ እግራቸው ወደ ገበያው መንገድ ዞሩ። 

"አባባ፣ የት ይሄዳሉ? ይውጡ ከኋላ፤ ገበያው በመንገዴ ነው።"

ቀኝና ግራ መንገዱን አዩ። "ሰው ይስቃል።"

"ይሳቅ። የእኔ ስንት ዓመት ተስቆ አለቀ።"

ጀለቢያቸውን ሰብስበው፣ በዱላቸው ተደግፈው፣ እናቴ በክንዳቸው ይዛላቸው ወጡ። ቅርጫቱንና ዱላቸውን መኻላችን አድርገው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የዕቃ መጫኛውን ብረት፣ ፖርታ ባጋጁን፣ ጨበጡ፤ እኔን እንዳይነኩ መጠንቀቃቸው ነው። ሞተሯ ከበደችኝ። ከኋላዬ ሰው ጭኜ አላውቅም ነበር። እግራቸውን እንዳላናጋቸው ውሃ የቋጠረውን ሁሉ እየዞርኩ ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ዋናው መንገድ ከመግባታችን በፊት ልዞረው የማልችል አንድ ጉድጓድ አለ። እዚያ ስንደርስ "ቀስ፣ አስተማሪ!" አሉና ፖርታ ባጋጁን ትተው ትከሻዬን ያዙኝ። ጉድጓዱን አለፍን። እስከ ገበያው ድረስ አልለቀቁኝም።