በስምንት ቁጥር ማልያ ሥር ያልተጠረገው ጭቃ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ስትሪትሃም

ከቤት ስወጣ ገና አልነጋም። ጭጋጉ የማዶውን ሱቆች ውጧቸዋል፤ የሚታየው የዳቦ ቤቱ መብራት ብቻ ነው። የዛሬው ጉዞዬ ከደቡብ ለንደን ተነስቶ ሰሜን ለንደን የሚያልቅ ነው። ፓስፖርት አይጠይቅም። የላከኝ ሰው ግን ያለው ሞሮኮ ነው።

ዩሱፍ ሦስት ዓመት ግድግዳ የተጋራን ጎረቤቴ፣ ኳስ ተጫዋች ነው። ከአራት ወር በፊት የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ከሜዳ በአምቡላንስ ወጣ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ኳስ የለም» ሲለው ሞሮኮ ተመልሶ እናቱ ቤት ገባ። እዚህ ያለው ክፍሉ ባዶ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከግድግዳው ማዶ ኮሽታ እሰማለሁ። አይጥ ነው እላለሁ።

ትናንት ደወለልኝ። «ዓርብ ማታ በተኛሁ ቁጥር እዚያ ሜዳ ላይ ስሮጥ አድራለሁ» አለኝ። «ስነቃ ጉልበቴ እሳት ነው። እንቅልፍ አጣሁ፣ ወንድሜ። ክለቡ ሂድና ማልያዬ አሁንም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሎ እንደሆነ እይልኝ። ካወረዱት አርፋለሁ።»

ሳቅሁበት። ኳስ ተጫዋች ሟርት አያጣም ብዬ።

ከአውቶቡሱ ሹፌር፣ ከአንድ ሶማሌ፣ ጋር በሰላምታ እንተዋወቃለን። «ጎረቤትህ ተመለሰ አይደል? ባለፈው ቅዳሜ አሳፈርኩት፤ ያነክሳል» አለኝ።

«ሞሮኮ ነው ያለው።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በሩን ዘጋ።

ሦስት ሰዓት፣ ሆሎዌይ

ዩሱፍ ለንደን እንደገባ የተከራየው ከእትዬ አስናቀች ካፌ በላይ ያለችውን ክፍል ነበር። ቁርስ ልበላ ጎራ አልኩ፤ ፎቶዎቹ አሁንም የካፌው ግድግዳ ላይ አሉ። በትውልድ ከተማው የአቧራ ሜዳ ላይ፤ ስፔን፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፤ ቤልጂየም፣ በረዶ ውስጥ፤ በመጨረሻ እዚህ፣ የዊልስደን ትንሽ ክለብ። ከአገር አገር በሄደ ቁጥር ክለቡ እያነሰ፣ ፈገግታው እየሰፋ ነው።

«ቁጭ በል የኔ ልጅ፤ ይሄን ሻይ ጠጣው። እሱ ሳይነካው ወጣ» አሉኝ እትዬ። ጠረጴዛው ላይ የናና ሻይ ይጨሳል።

«ማን?»

«ዩሱፍ ነዋ! ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። አፖይንትመንት ይኖርበታል ብዬ ተውኩት። ምነው፣ ፊትህ ተለወጠሳ?»

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። አነሳ። ከኋላው ዶሮ ይጮሃል፣ እናቱ ትጣራለች። «አልጋ ላይ ነኝ» አለኝ። ጭጋግ ነው፣ ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብዬ ራሴን ገሠጽሁ። ሻዩን ግን አልጠጣሁም።

አምስት ሰዓት፣ ዊልስደን

የክለቡን ማልያ የሚያጥቡት ጋሽ ተስፋዬ ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ተሰደው የመጡ ሰው። መልበሻ ክፍሉን ከፈቱልኝ። ስምንት ቁጥር በቦታው ተሰቅሏል። ከሥሩ ጭቃ አለ፤ የቀረው ወለል ግን ያበራል።

«ለምን አላወረዱትም፣ ጋሼ?»

«ማናጀሩማ አውርድ ብሎኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የተጎዳ ቀን በእረፍት ሰዓት ከጫማው የረገፈውን ጭቃ እንኳ አልነካሁም። መንገደኛ የወጣበት ቤት አይጠረግም፤ እናቴ ናት ያስተማረችኝ። እንዲመለስ ብዬ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። የአራት ወሩ ጭቃ እርጥብ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው። «ማልያውንም ቅዳሜ ቅዳሜ በላብ ርሶ ነው የማገኘው። አጥቤ እሰቅለዋለሁ። ማንን ልጠይቅ?»

ፈራሁ። ቢሆንም ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሐኪሙን ቃል፣ የጉልበቱን ሕመም፣ ያጣውን እንቅልፍ። «መመለስ አይችልም፣ ጋሼ። እርስዎ ደግሞ በዚህ ጭቃና ማልያ አስረው ይዘውታል።»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ ስለምወደው ነው» አሉ። ተነሱና ማልያውን አወረዱ፤ አጥፈው ላክለት ብለው ሰጡኝ። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ከዚያ መጥረጊያውን አነሱ።

ሲጠርጉ ከባዶው ሜዳ የሩጫ ድምፅ መጣ፤ አንዱ እግር ጠንከር፣ አንዱ ቀለል እያለ። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ አላየንም። የመጨረሻው ጭቃ ከደጃፉ ሲወጣ ድምፁ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ስትሪትሃም

ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ደወልኩ። እህቱ አነሳች። «ተኝቷል» አለችኝ። «ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አልነቃም፤ ያንኮራፋል። ልቀስቅሰው?»

«ተይው፣ ይተኛ።»

ቤቴ ገብቼ ማልያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ደርቋል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አይጥ ነው እያልኩ ኮሽታውን ስሰማ የኖርኩት፣ ለካ እኔም ዩሱፍ ይመለሳል ብዬ ነበር። ማልያውን እንደታቀፍኩ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።