የማይበላ እንቁላል

ሶዶ የሄድኩት ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር፤ አራት ዓመት ቆየሁ። ሥራዬ በከብት መኖ ውስጥ ያለውን የሻጋታ መርዝ የሚለይ ቀላል መመርመሪያ መሥራት ነበር። ለዚያ መርዙን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ሰውነት የሚሠራው መከላከያ፣ ያስፈልጋል። ከውጭ ያስመጣነው ሁለት ጊዜ የታሸገበት በረዶ ቀልጦ፣ ተበላሽቶ ደረሰ። ስለዚህ በዶሮ ለማዘጋጀት ወሰንኩ። መርዙን ከፕሮቲን ጋር አያይዤ በጥቂት በጥቂቱ እወጋቸዋለሁ፤ ሰውነታቸው መከላከያውን ይሠራና ወደ እንቁላሉ አስኳል ያሳልፈዋል። እኔ ደግሞ ከአስኳሉ አጣርቼ አወጣዋለሁ።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ስድስት ዶሮዎች ነበሩኝ። አብሮኝ የተመደበው ባልደረባዬ ለትምህርት እንደሄደ ቀረ፤ በሱ ቦታ የተተካ ሰው የለም። ከዶሮዎቹ በቀር ማንንም ሳላናግር የምውልበት ቀን ብዙ ነበር።

የተከራየሁት ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢ ውስጥ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ደጄ ላይ ቆመን ትንሽ እናወራለን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጡና፣

«ልጄ፣ ከገሱባ እንግዶች ይመጡብኛል። ከዶሮዎችህ እንቁላል ታመጣልኛለህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ የነሱ እንቁላል አይበላም።»

«ምነው፣ ታመው ነው?»

«አልታመሙም። መርዝ ተወግተው ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «መርዝ ወግተህ እንቁላል ትለቅማለህ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ የክፍል ትምህርት ሆነብኝ። ገበያ ወርጄ እንቁላል ገዝቼ ባመጣም «ተወው፣ አግኝቻለሁ» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲያ እሁድ የሚያንኳኳ አልነበረም።

መመርመሪያው የሠራልኝ በክረምት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። በመመርመሪያዋ ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ንጹሕ መኖ የገባበት ጎድጓዳ ደማቅ ሰማያዊ ሆነ፤ መርዝ ያለበት ደበዘዘ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ሳህኗን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቷል፤ ዝናቡ ብቻ ይወርዳል። አዲስ አበባ ያሉት የቀድሞ መምህሬ ጋ ደወልኩ፤ አልተነሳም።

ቤት ስገባ እማማ ላማቸውን እያበሏት አገኘኋቸው። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝና፣ «ሥራዬ ተሳካ» አልኳቸው። የላሟ መኖ ከሻገተ መርዙ ወደ ወተቷ እንደሚያልፍ፣ መመርመሪያውም እሱን እንደሚለይ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ከላሟ መኖ ጆንያ አንድ እፍኝ ፋጉሎ፣ ዘይቱ የተጨመቀ የኑግ ተረፈ ምርት፣ ዘግነው በወረቀት ጠቀለሉና፣

«በል እንግዲህ፣ ይችን እይልኝ» አሉኝ።

በማግስቱ መረመርኩት። ደበዘዘ። ተሳስቼ እንዲሆን እየተመኘሁ ደገምኩት፤ ደበዘዘ።

ስነግራቸው አልተቆጡም። «ታዲያ ምን ላብላት?» ብቻ አሉ። ጆንያውን ራሳቸው ጎትተው አወጡና ጓሮ ቆፍረው ቀበሩት። ላሟ በእንሰት ቅጠልና በስኳር ድንች ሐረግ ከረመች፤ ወተቷም ቀነሰ፤ ለጎረቤት መሸጡ ቀረ።

ወተት ሊገዙ ጣሳ ይዘው ለሚመጡት ሴቶች እማማ በሩ ላይ ቆመው በወላይትኛ ያስረዱ ነበር። እኔ ከሚሉት የምይዘው «ሚዛ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው፤ ላም ማለት ነው። ሴቶቹ ሰምተው ሲጨርሱ ዞር ብለው ወደኔ ክፍል ያያሉ። እኔም ከመስኮቱ ፈቀቅ እላለሁ።