ዳለቻን ለመሸጥ ወደ ኩርሙክ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ከመንደራችን

ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ዳለቻን አስነሳኋት። ዳለቻ ፒክአፕ መኪናዬ ናት። ስገዛት ነጭ ነበረች። የአሶሳ አቧራና የሠላሳ ዓመት ፀሐይ ተባብረው አመድማ አደረጓት፤ እኛ ወሎዬዎች እንዲህ ያለ መልክ ያላትን በቅሎ ዳለቻ እንላለን። እንደ በቅሎም ጌታዋን ለይታ ታውቃለች።

ቁልፍ የላትም። ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በምትኩ ከመሪው ሥር የቤት መብራት ማብሪያ ገጥሜላታለሁ። ኮፈኗን ከፍቼ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ሦስት ጊዜ እገፋለሁ። ገብቼ ሁለት ሽቦ አነካክቼ ሞተሩን የሚያሞቀው ካንዴላ እስኪግል እስከ አሥራ ሁለት እቆጥራለሁ። ከዚያ ማብሪያውን እጫናለሁ። አንደኛ ማርሽ ስለሞተ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጬ በሁለተኛ እነሳለሁ። ይህን ሁሉ የፈለሰፍሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ሞተር ያስተማረኝ ደግሞ የተበላሸ ትራክተር ነው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነቅለን እዚህ ስንሰፍር ባለሙያዎቹ «አልቆለታል» ብለው ጥለውት ሄዱ። እኔ በአርባ ቀን ፈትቼ ገጠምሁት። ሁለት ብሎን ተረፈኝ፤ ትራክተሩ ግን አረሰ። ከዚያ ወዲህ ለጋራዥ አንድ ሳንቲም ከፍዬ አላውቅም።

ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ዘይነባ ናት። አሶሳ ከተማ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለዚህ ጉዞ ፈቃድ ወጥታለች። እንደ ልማዴ ዞሬ የእሷን በር ከፍቼ አስገባኋት። በዚህ አገር ወርዶ ለተሳፋሪ በር የሚከፍት ሹፌር እኔ ብቻ ነኝ፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ መስክረውልኛል።

ከጎረቤታችን ከሀዋ ቤት ፊት ለፊት ስናልፍ በሯ ዝግ ነበር። ዘይነባ አንገቷን አዙራ በሩን አየችው። እኔ መንገዱን አየሁ።

1 ሰዓት ተኩል፣ አሶሳ

የነዳጅ ማደያው ሰልፍ ከትናንት የተሻገረ ነው። ሹፌሮች ጎማ ተንተርሰው ተኝተዋል። እኔ በጀሪካን ያጠራቀምሁት ናፍጣ ስላለኝ ኮራ ብዬ አለፍኋቸው። አንድ የማውቀው የአይሱዙ ሹፌር ከእንቅልፉ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይህቺ ነገር ዛሬም አለች?» አለ።

«አንተ አሮጌ ስትሆንም ትኖራለች» አልሁት።

ለምን እንደምሸጣት ለአንባቢ ልንገር። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከውጭ መግባቱ ከቆመ ወዲህ አሮጌ መኪና ተወዷል። ኩርሙክ ያሉ ወርቅ ነጋዴዎች በተለይ እንደ ዳለቻ ያለች፣ በመዶሻና በሽቦ የምትጠገን ፒክአፕ ይፈልጋሉ። ሐሚድ የሚባል የበርታ ነጋዴ፣ የቆየ ወዳጄ፣ «አምጣው፣ ልየው» ብሎ ልኮብኛል።

ይህ ግን ሰበቡ ነው። ዋናው ነገር ሀዋ ናት።

ዳለቻ የመንደራችን ቅሬ መኪና ናት። እናንተ እድር የምትሉትን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሬሳ የምትሸኝ፣ በሽተኛ የምታደርስ፣ ምጥ የያዛትን የምትወስድ እሷው ናት። ሁልጊዜ የምነዳት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ወባ ጥሎኝ አሶሳ ክሊኒክ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ ተኝቼ ሳለ፣ በቀትር ሀዋን ምጥ ያዛት። ዳለቻ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ናፍጣ አላት። ሦስት ጎልማሶች ገብተው ታገሏት፤ ገፏት፤ አልነሳ አለች። በመጨረሻ ሀዋን በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃ እስከ አስፋልቱ ወሰዷት። ዘይነባ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር።

ሀዋ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ያኔ «እስከ አሥራ ሁለት ቢቆጥሩ ኖሮ ትነሳ ነበር» አልሁ። እውነቴን ነው፣ ትነሳ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀዋ ሰላምታ አትሰጠኝም። የቅሬው ሽማግሌዎችም ቁርጡን ነገሩኝ፤ ወይ ማንም የሚነዳት መኪና ትሁን፣ ወይ ቅሬው ሌላ ይፈልጋል። ዘይነባ በበኩሏ «ሸጠህ ባጃጅ እንግዛ» ትላለች። ባጃጅ! ከኋላው ቃሬዛ የማያስገባ፣ ክረምት ሲመጣ በጭቃ የሚሰምጥ የብረት በርሜል።

3 ሰዓት፣ ሆሞሻ

ቀርከሃው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደርቆ ይንኳኳል። ሙቀቱ ከወዲሁ ጀምሯል። የሆሞሻ ሴቶች ማንጎ በሳህን በሳህን ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የደረቀ ባሚያ በላስቲክ። ራዲያተሩን ውኃ ላጠጣ ከፊታቸው አቆምሁ።

«አባዬ፣ መስኮቱን አውርደው» አለች ዘይነባ።

«አይወርድም።»

«ለምን?»

«መስታወቱን ደግፎ የያዘው እንጨት ነው። ቢወርድ ተመልሶ አይወጣም።»

«ታዲያ በሩን ልክፈት።»

«ቆይ» ብዬ ወርጄ ከፈትሁላት። የእሷ በር መያዣው ከውስጥ ከተሰበረ ቆይቷል፤ እኔ ሽቦ ወደ ውጭ አሻግሬ ከውጭ ብቻ እንዲከፈት አድርጌዋለሁ። ሕፃናት በጉዞ ላይ ከፍተው አይወድቁም። ይህም ብልሃት ነው።

ራዲያተሩ ውኃ ጠጣ፤ እኛ ማንጎ በላን። ሻጯ፣ ጥርሷ የፈካ የበርታ ሴት፣ ዳለቻን ዞራ አየቻት።

«መኪና ስንት ዓመት ነው?» አለች።

«ከልጄ ታንሳለች» አልሁ።

«ልጅ አማረ» አለች፤ ስለ መኪናዋ ምንም አላለችም።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ሽማግሌ፣ ፍሬን አላት?» አለኝ።

«ሁለቴ ከተረገጠ አላት።»

«አንዴ ከተረገጠስ?»

ዘይነባ ሳቀች። በዚህ ጉዞ የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ጠባቂው ገመዱን አወረደ፤ አለፍን።

ከሆሞሻ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ጠጠር፣ አቧራ፣ ከዚያ ደግሞ ጠጠር። ባሌስትራዋ እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋል። ዘይነባ ድንገት «እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው?» አለች።

«አላስታውስም።»

«አራት ዓመት። አንድ ቀን መሪዋን አስነክተኸኛል?»

«ያንቺ ፈቃድ በአዲስ መኪና የተማርሽበት ነው። ዳለቻ ሌላ ናት።»

«እሱንማ ሀዋም ታውቀዋለች» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

6 ሰዓት፣ ኩርሙክ

ድንበር ላይ ያለች የሙቀት ከተማ ናት። ከወዲያ ማዶ ሱዳን ነው። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ሰዎች በዛፍ ጥላ ሥር ጓዛቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከገበያው የፉል ሽታ ይመጣል፤ ወርቅ መዛኞች ትናንሽ ሚዛናቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ሐሚድ በነጭ ጀለቢያ፣ ሱቁ በራፍ ላይ ጠበቀን።

«አህለን፣ አቡ ዘይነብ!» ብሎ፣ በልጄ ስም ጠርቶ፣ አቀፈኝ። ለዘይነባ ሻይ አስመጣላት፤ ፉልና ዳቦ በላን። ከዚያ ተነስቶ ዳለቻን እንደ በሬ ገዢ ዞራት። ጎማዋን መታ። ከሥሯ ተንበርክኮ አየ። ሞተሯን አስነስቼ አሰማሁት፤ ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ወላሂ ሞተር ጤነኛ ነው» አለ። «ወርቅ ነው ሞተሩ።»

ደረቴን ነፋሁ። «በዚህ እጅ ነው» ብዬ ሁለቱንም እጆቼን አሳየሁት።

«እሺ፣ አጥፋው። አሁን እኔ ራሴ እነዳለሁ። ቁልፍ ስጠኝ።»

«ቁልፍ የለም።»

«እንዴት የለም?»

ማብሪያውን አሳየሁት። ሳቀና ገባ። ተጫነው፤ አልተነሳችም። ደግሞ ተጫነው። እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜያለሁ፤ ውስጤ በደስታ እየተፍለቀለቀ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ብርጭቋቸውን ይዘው መጡ። አንዱ «ያ ሐሚድ፣ በቅሎ ነው እንዴ? ጆሮውን ያዘው!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። በመጨረሻ ሐሚድ ላቡን በጀለቢያው እጅጌ ጠርጎ ወረደ።

«ኻላስ፣ በቃኝ» አለ። «አቡ ዘይነብ፣ እኔ ሃያ ዓመት መኪና ነዳሁ። ይሄ መኪና አይደለም። ይሄ አንተ ነው። አንተን ጨምሮ ከተሸጠ እገዛለሁ።»

«ሌባ አይወስዳትም» አልሁ።

«ሌባ ተወው። አንተ ከታመመ ማን ይነዳል? ለማን አስተማርክ?»

ስለ ራሴ መናገር የማያቅተኝ ሰው እጆቼን ከጀርባዬ ደበቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ሽቦ፣ ያቺን ማብሪያ፣ ያቺን አሥራ ሁለት ቁጥር እንደ ሀብት ደብቄ ይዤ ነበር። ሰዎች ግቢዬ መጥተው «ጋሼ፣ አንተ ከሌለህ እኮ አለቀልን» ሲሉኝ እንደ ምርቃት እቀበለው ነበር።

ዘይነባ መሬት መሬት እያየች «ሌባ ብቻ አይደለም ያልወሰዳት» አለች። ድምፅዋ ዝቅተኛ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ሰሙት።

ሐሚድ አየኝ፤ አያት። ነገሩ ምን እንደሆነ ባያውቅም ከባድ መሆኑ ገብቶታል። ለስለስ ብሎ «ሞተሩንና ካምቢዮውን ብቻ እወስዳለሁ» አለኝ። «ሌላው ቆርቆሮ ነው። ዋጋውን ደግሞ አሮጌ ሞተር ሳይክል ትገዛበታለህ።»

ሠላሳ ዓመት አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሆነ። ዳለቻ እዚህ ገበያ መሐል ተፈታትታ፣ እኔ በአውቶቡስ ስመለስ ታየኝ። «እሺ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«አባዬ» አለች ዘይነባ። «እኔ ልሞክራት።»

«አንቺ አታውቂያትም።»

«ንገረኛ።»

«እዚህ? ሰው ፊት?»

«ሀዋን ተሸክመው የሮጡትም ሰው ፊት ነበር።»

ነገርኋት። በአደባባይ ልብሴን እንደማውለቅ ነበር። መጀመሪያ ኮፈኑን አስከፈትኋት፤ ናፍጣውን ሦስቴ ገፋች። ገባች። የሽቦውን ቦታ አሳየኋት። «ቁጠሪ» አልኋት። ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ከስድስት በኋላ ሻይ ጠጪዎቹም አብረዋት ቆጠሩ፤ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በዓረብኛ። አሥራ ሁለት ሲደርሱ ማብሪያውን ተጫነች። አልተነሳችም።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ።

እንደገና ቆጠረች፣ አሁን ቀስ ብላ። ዳለቻ ሳለችና ተነሳች። ዘይነባ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጣ በሁለተኛ ማርሽ ገበያውን ዞራ መጣች። እዚያ እንዳልነበርሁ ሁሉ አንድም ሰው ወደ እኔ አላየም።

ሐሚድ ወደ መስኮቷ ተጠግቶ «አሁን መኪና ሆነ» አላት። «አሁን ሙሉ ዋጋ እሰጣለሁ።»

«አሁንማ አይሸጥም» አለች። «ክረምቱ ሳይገባ ለሦስቱ ጎልማሶች አስተምራለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አይደለም?»

ጠየቀችኝ ልበል እንጂ የጠየቀችኝ አይመስለኝም። ራሴን ነቀነቅሁ።

8 ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ዘይነባ እየነዳች ነው። እኔ በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጫለሁ፤ ዳለቻ የእኔ ከሆነች ጀምሮ እዚህ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። የተቀደደው ስፖንጅ ሽቦው ይወጋል። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጉንጬን ይጠብሳል፤ መስኮቱ አይወርድም። ስንት በሽተኛ እዚህ ተቀምጦ «አየር» ብሎኝ «ትንሽ ታገስ» እንዳልሁት ቆጥሬ መጨረስ አልቻልሁም።

«ሦስተኛን ወደ ጉልበትሽ ስበሽ ነው» አልኋት።

«አወቅሁ።»

«ፍሬን ሁለቴ።»

«አወቅሁ፣ አባዬ።»

ሆሞሻ ላይ ስንደርስ ማንጎ ሻጯ ዘይነባን ከመሪው ኋላ አይታ አጨበጨበች። እኔ ከመኪናው አልወረድሁም። ውኃውን ራሷ ሞላች። ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ገመዱን እያወረደ «አሁንስ ፍሬኑ?» ሲላት «ጋራዥ ይገባል» አለችው። እኔን ሳትጠይቅ። አንድ የጋራዥ ጎረምሳ የሠላሳ ዓመት ብልሃቴን በአንድ ቀን ፈትቶ፣ እየሳቀ፣ መሬት ላይ ሲጥለው ታየኝ። ለዚያ ሣቁም የምከፍለው እኔ ነኝ።

12 ሰዓት፣ ደረስን

ጀንበር ስትዘቀዝቅ መንደር ገባን። ሀዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ማሽላ ታበጥራለች። ዘይነባ ከበሯ ፊት ለፊት አቆመች፤ ሞተሩን አጠፋችና ወረደች። ሀዋ ሰፌዱን እንደያዘች ዘይነባን አየቻት፤ ከዚያ ባዶውን የሹፌር ወንበር አየችው።

«ማን ነዳት?» አለች።

«እኔ» አለች ዘይነባ።

«ከየት?»

«ከኩርሙክ።»

ሀዋ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀጥሎ «አስተምሪኝ ብልሽ ታስተምሪኛለሽ?» አለች።

«ነገ ጠዋት ነይ።»

ወርጄ አንድ ቃል ልላት ፈለግሁ። ከክረምቱ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረ ቃል ነው። እጄን ወደ በሩ ሰደድሁ፤ መያዣ የለም። እንደሌለ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። በማርሹ ላይ ተሻግሬ በሹፌሩ በኩል እንዳልወጣ ጉልበቴ እንቢ አለ። መስታወቱን በጣቴ አንኳኳሁ። ሀዋ ድምፁን ሰምታ ለአንድ አፍታ አየችኝ፤ ሰፌዷን አንስታ ገባች። በሯን ግን አልዘጋችውም።

ዘይነባ ዞራ መጣች።

«ውረድ እንጂ፣ አባዬ። ምን ሆንህ?»

«ከውስጥ አይከፈትም» አልኋት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።