የዋጥኋት የማርሽ ብይ

ከግቢያችን አጥር ማዶ አንድ ወጣት በቅርቡ የባጃጅ መጠገኛ ከፍቷል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ የተቃጠለ ዘይትና የነጭ ጋዝ ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ አፌን ነው የምይዘው። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ምላሴ ላይ ብረት ብረት ይለኛል፣ ዕድሜዬን ሁሉ አስጥሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያደርገኝና በእናቴ ሳሎን መሐል ሁለት እጄን ዘርግቼ ያቆመኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባዬ የአሰላ ሰው ነበር፤ በግብርና ባለሙያነት ተመድቦ ባሕር ዳር መጥቶ፣ የመሸንቲዋን እማዬን አግብቶ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤት ይኖር ነበር። ለገጠር ሥራው መሥሪያ ቤቱ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ሰጥቶታል። በክረምት ከገበሬዎቹ ዘንድ ሲመለስ እሱም እሷም በጭቃ ተለውሰው አይለዩም ነበር፤ የራሱን እግር ሳይታጠብ ቁጢጥ ብሎ ከማርሽ መቀየሪያዋ ሥር ጭቃውን በስንጥር ይፈለፍል ነበር፣ እማዬም በረንዳው ላይ ቆማ «ምነው እኛንም አንድ ቀን እንዲህ ብታሳምረን!» እያለች ትተርበው ነበር። ስለ ጤፍና ስለ ማዳበሪያ የሚያውቀውን ያህል ስለ ሞተር አያውቅም፤ ግን ካቻቢቴ አንዴ ከጨበጠ የሚመልሰው አልነበረም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ቀይዋ አመል አወጣች። ሦስተኛ ማርሽ ሲያስገባላት ጥቂት ሄዳ ትተፋዋለች። ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችል ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ወር ከሾፌሮቹ አንዱ በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ሠርቷል ተብሎ ከጋራዥ ተወስዶ ነበርና፣ ሚስቱ ስንቅ ይዛ በደጃችን ስትመላለስ በየቀኑ እናያት ነበር። እሷ እስክታልፍ ድረስ እማዬ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። አባዬም ስለ ማርሹ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ጥቅምት ላይ የእማዬ አባት ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው መሸንቲ ታመሙ። መድኃኒቱ ባሕር ዳር ተገኘ፣ ቅዳሜ ዕለት ግን የሚያደርስ መኪና ታጣ። ሞተሯን ለግል ጉዳይ ማንቀሳቀስ ክልክል ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ትውልና ሰኞ ጠዋት ንብረት ክፍል ፊት ቀርባ ትታያለች። አባዬ እማዬን አየት አደረጋትና መድኃኒቱን በደረት ኪሱ ከትቶ ማለዳ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ድምፁ ገና ከሩቅ ያስደነግጥ ነበር፤ ማርሹ አልቀየር ብሎት ከመሸንቲ እስከ ደጃችን በሁለተኛ ብቻ እያስጮኻት ነው የመጣው። በሩን ዘግቶ የበረንዳው ደረጃ ላይ ዘፍ አለ።

«አለቀልኝ፣ ትርንጎ» አላት። «ሰኞ አልሄድ ካለች ይፈቷታል፤ ከፈቷት ደግሞ ቅዳሜ የት ዋለች ይሉኛል።»

ልጅ ብሆንም ገብቶኛል። ስንቅ የምታመላልሰው ሴት እማዬ ልትሆን ነው ማለት ነበር። ያን ቀን እራት አልበላ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ጓሮ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ የሞተሯን ሆድ ዘርግፎ አገኘነው። ችግሩን ደርሶበት ነበር። ማርሹን በቦታው ይዛ የምታስቀረው ሽንብራ የምታህል የብረት ብይ ናት፤ ከኋላዋ ያለች ትንሽ ሞላ እየገፋች ከጉድጓዷ ታስቀምጣታለች፣ ሞላዋም ለሁለት ተሰብራ ኖሯል። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቢከፈትም መጠየቁ ራሱ ያስጠረጥራል። አባዬ ሲያስብ ቆየና የዕቃ ቤቱን በር ቁልፍ ነቅሎ ከውስጡ ሞላ አወጣ፣ በፒንሳ ቆርጦ ሲለካው ልክ ሆነ። በደስታ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ በገዛ እጁ አፉን ያዘ። በሩ ግን ከዚያ በኋላ አልዘጋም አለ፤ ይህን ያሰበው አልነበረም።

ብይዋንና ሞላውን በጣሳ በቀዳው ነጭ ጋዝ ሊያጥብ ብርሃን ወዳለበት ወደ ሳሎኑ መስኮት ይዟቸው መጣ። አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ ከውጭ በር በኩል፦

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!»

ድምፁን ሦስታችንም አወቅነው። ጓድ ታምራት ነው፤ የአባዬ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በቀበሌያችን ደግሞ የአብዮት ጥበቃ። አባዬ ጣሳውንና ሞላውን አፍሶ በጓሮ በር ሾልኮ ወጣና ዕቃ ቤት ገብቶ የማይዘጋውን በር በጀርባው ደግፎ ቆመ። ብይዋ ግን ከጣቱ አምልጣ በሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለች ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደች። እንግዳው ደፉን ሳይረግጥ ተወርውሬ ያዝኋት።

ቀሚሴ ኪስ አልነበረውም። በቤታችን ደግሞ ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው ጎንበስ ተብሎ በሁለት እጅ ነው፤ አንዱን እጅ ጨብጦ በአንዱ ብቻ ሰላም ማለት ትልቅ ብልግና ነበር። ጓድ ታምራት እጁን ዘርግቶልኛል። ብይዋን አፌ ውስጥ ጣልኋትና ሁለት እጄን ሰጠሁት።

ጋዙ ምላሴን አቃጠለው፣ ምራቄ ሞላ። እሱ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያሽከረክረው ጀመር። እማዬ ምሳ ልታቀርብ ብትል እምቢ አለ።

«ባለቤትዎ የለም እንዴ እትዬ ትርንጎ?»

«ገላውን እየታጠበ ነው። ልጥራልዎት?»

«የለም የለም፣ አይጣደፍ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ማነሽ የኔ ልጅ፣ ትናንት አባባ የት ነበር?»

የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ብይዋን በምላሴ ወደ ጉንጬ ገፋኋት። በዚያ ዘመን አዋቂ ጠይቆት የማይመልስ ልጅ ወይ ባለጌ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ሁለቱም ለእኛ አይበጀንም ነበር።

«መልሺ እንጂ!» አለች እማዬ፣ ከዚያ ጉንጬን አየችው። «ጥርሷን አሟት ነው ጓድ ታምራት፣ ከትናንት ጀምሮ እንዲህ አብጣ...»

«እስቲ ክፈቺ ልየው» ብሎ ተነሣ።

ዋጥኋት። ጉሮሮዬን እየፋቀች ስትወርድ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሱ አገጬን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረኝና አፌ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በየጥርሱ አየ።

«ምንም አይታይም፤ ውስጥ ውስጡን ይሆናል» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አባባስ? ትናንት?»

«ቤት ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ። ከእኔ ጋር ነበር» አልሁት። ይህችን የመጨረሻዋን ማንም ሳይለኝ ከራሴ ጨመርኋት።

ጥቂት አየኝና ኮፍያውን አደረገ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ዋሉ» ብሎ ወጣ። እማዬ የውጭ በሩ ሲዘጋ እስክትሰማ ጠብቃ አንሥታ አቀፈችኝ። «ጎበዝ! የኔ ልጅ ጎበዝ!» እያለች ግንባሬን ሳመችው። በሕይወቴ እንደዚያ የተመሰገንሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አባዬ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ መጣ። «ብይዋስ?» አለ ወለሉን እየቃኘ።

«ዋጥኋት።»

እማዬ ጮኸች፣ አባዬ ሆዴን ዳበሰው፤ ከሁሉ በላይ የፈራሁት ቁጣውን ነበር፣ እሱ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ሞላ አለ፣ ብይ የለም፣ ፀሐይም እየዞረች ነው።

አጥር ለአጥር የሚጎራበቱን ጋሽ ሰይድ የሚባሉ በሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሐይቁ ድረስ ጠዋትና ማታ የሚመላለሱት በብስክሌት ነው። አባዬ አጥሩ ጋ ጠርቷቸው «ጋሽ ሰይድ፣ አንዲት የኩሽኔታ ብይ ቸግራኛለች» አላቸው። እሳቸው እጁን፣ ዘይት የጠጣውን ሸሚዙን አዩና ምንም ሳይሉ ብስክሌታቸውን ገለበጡ። የኋላ ጎማዋን ፈትተው ከኩሽኔታው አንዲት ብይ ለቅመው በመዳፋቸው አመጡለት።

«ለምን እንደሆነ ልንገርዎ...»

«አትንገረኝ» አሉት። «ያልሰማሁትን ማንም አያስለፈልፈኝም።»

ብይዋ ልክ ሆነች። አባዬ ሁሉን መልሶ ገጥሞ የኋላ ጎማዋን በእጁ እያሽከረከረ ማርሹን በእግሩ ረገጠ። ቀጭ፣ አንደኛ። ቀጭ፣ ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ እማዬ ነጠላዋን ነከሰች። ቀጭ። ጎማዋን ደጋግሞ አዞረ፣ አልተፋችውም።

አመሻሹ ላይ የጓድ ታምራት ትንሿ ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቅርንፉድ ይዛ መጣች። «አባባ ለጥርሷ ብሏል» አለች። እማዬ ፈገግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ወስዳ ሽንት ቤት ከተተችው። «ሊሰልለን ነው የላካት» አለች። እኔም አመንኋት።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ሲወጣ እማዬና እኔ አጥሩን ይዘን በጆሯችን ሸኘነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፤ ዘንባባዎቹ ጋ ሲደርስ ሦስተኛ። ድምፁ ሳይሰበር ርቆ ጠፋ። ከኋላው ጋሽ ሰይድ አንድ ብይ የጎደላትን ብስክሌታቸውን ትቅ ትቅ እያሰኙ ወደ ሐይቁ ወረዱ። የዋጥኋት በሦስተኛው ቀን ስትገኝ አባዬ በጋዝ አጥቦ በሳሙና አሽቶ ወሰደላቸው፤ ከየት እንደመጣች ሲሰሙ «ለልጅቷ አስቀምጥላት፣ እኔስ ትቅታውን ለምጀዋለሁ» ብለው እየሳቁ መለሱት።

በጋው በሰላም አለፈ። ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ እማዬ ታሪኩን በሹክሹክታ ትነግራለች፣ እኔም እኮራለሁ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን አባዬ በዝናብ ርሶ ገባና ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጓድ ታምራትና እሱ ዝናብ ለማሳለፍ የመሥሪያ ቤቱ ጣራ ሥር አብረው ቆመው ነበር አለ።

«እናቱ መሸንቲ ታመውበት ኖሯል ያኔ» አላት እማዬን። «እኔን ቅዳሜ እዚያ ያየ ሰው ነግሮት ነው የመጣው። የንብረት ኃላፊ ሆኖ ለራሱ መኪና ልጠይቅ ቢል የሚሉትን ፈርቶ፣ እኔ ዳግመኛ የምሄድ ከሆነ መድኃኒት እንዳደርስለት ሊለምነኝ። ‹ልጅህ ቤት ነበር ስትለኝ፣ የነገረኝ ሰው ተሳስቷል ብዬ ተመለስሁ› አለኝ።»

«እናቱስ?» አለች እማዬ።

«ኅዳር ላይ አርፈዋል።»

«አንተ ምን አልኸው?»

«ምን ልበለው?» አለ አባዬ።

መድኃኒቱ ደርሶላቸው ቢሆን ይድኑ ነበር አልልም፤ አላውቅም። ግን ያ ሰው አፌን ከፍቶ ሲያየኝ የሚፈልገው የታመመ ጥርስ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ያን ታሪክ ለማንም አልተናገረችም፣ እኔም «ጎበዝ» የተባልሁበትን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ።

አጥሩ ማዶ ያለው ወጣት የሞተር ዕቃውን መንገዱ ዳር ዘርግፎ፣ ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ ገመናውን ሁሉ አላፊ አግዳሚው እየሰማው ያወራል። የት እንደነበር፣ የት እንደሚሄድ አይደብቅም። እሰየው እላለሁ በልቤ። እኔን ግን ሰው ድንገት «የት ነበርሽ?» ሲለኝ፣ ገበያ ደርሼ እንኳ ቢሆን፣ ምላሴ አስቀድሞ ጉንጬን ዞሮ ይፈትሻል፤ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው «ገበያ ነበርሁ» የምለው።