ሩጫ የማያባክን ወርዋሪ ፍለጋ

ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ ስፖርት ክፍል፣ በጊዜያዊ መዝጋቢነት የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ደብዳቤ አምስት ተግባራት ይዘረዝር ነበር። አምስተኛው «በቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ሥራዎችን ማከናወን» ይላል። አራቱን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልሠራኋቸውም። ክሪኬት አምስተኛው ውስጥ ነበር።

የቅርብ ኃላፊዬ አቶ ተስፋዬ ደብተርና እርሳስ ሰጡኝ። «ገጣሚ ነህ አሉ። ቤት መምታት የሚችል ሰው መቁጠር አያቅተውም» አሉና ወደ ሜዳው ላኩኝ።

ሜዳው ላይ የሒሳብ መምህሩ ዶክተር ሞሃን ሦስት እንጨት እየተከሉ ነበር። ከህንድ ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ግን አይስትም። «ወርዋሪ ይወረውራል። መቺ እንጨቱን ይጠብቃል፣ ኳስ ይመታል፣ ይሮጣል። አንድ ሩጫ አንድ ነጥብ። ኳስ በአየር ከሜዳ ከወጣ ስድስት ነጥብ። ስድስት ውርወራ አንድ ዙር። አንተ ሁሉንም ጻፍ።»

ጻፍኩ።

የሮቤ ሜዳ ለወርዋሪ አይራራም። ኳሱ የሚያርፍበት መስመር በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ኳሱ ነጥሮ ሲነሣ እንደ ደህና አስተናጋጅ ራሱን መቺው ፊት ያቀርባል። አየሩም ስስ ነው፤ የተመታው ሁሉ አጥር ተሻግሮ ስንዴ ማሳ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እንጨቱን መትቶ መቺን ከጨዋታ ማስወጣት ጭንቅ ነው። ወርዋሪው ማድረግ የሚችለው ሩጫ መንፈግ ነው። ይህ እስኪገባኝ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ኮሌጁ እስከ ዛሬ አልገባውም።

የኮሌጁ ኩራት የስፖርት መምህሩ ጌታሁን ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ በር ተነሥቶ እየሮጠ ይመጣል፤ ሲወረውር ያቃስታል። ተማሪው ያጨበጭባል። ኳሱ ስንዴ ውስጥ ይገባል። ተማሪው እንደገና ያጨበጭባል። ደብተሬ ላይ ከስሙ ጎን ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት እያለ ይሄዳል። ለአቶ ተስፋዬ ባሳያቸው «ሲሮጥ አላየኸውም እንዴ?» አሉኝ።

ኦቦ ከድርን ያገኘኋቸው አበባ መደቡ ጋ ነው። የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ የዲንሾ ሰው፣ ከርከሮ ከገብስ ማሳ ሲመልሱ ያደጉ። አንድ ጠዋት የሰፈር ፍየሎች በአጥር ሾልከው ገቡ። ኦቦ ከድር ጠጠር ወረወሩ። ጠጠሩ ከመሪዋ ፍየል እግር ስንዝር ቀድሞ አረፈ። ተመለሰች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። አንዷንም አልነኳትም።

«ኦቦ፣ ለምን አይመቷቸውም?»

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ባለቤት የላቸውም እንዴ? የሰው ፍየል እግር ሰብሬ ሽማግሌ ፊት ልቅረብ? እግሯ ሥር ካረፈላት ራሷ ትመለሳለች። ከማንም ሳልጣላ እውላለሁ።»

በዚያው ቀን ወደ ሜዳው ወሰድኳቸው፤ በሳምንት ውስጥ እንደ ክሪኬት ደንብ ክርናቸውን ሳያጥፉ መወርወር ለመዱ። ዶክተር ሞሃን ራሳቸው መቺ ሆነው ሁለት ዙር ገጠሟቸው። ኳሱ በየጊዜው ጫማቸው ሥር እያረፈ አንዲት ሩጫ ብቻ አገኙ። «ይህ ሰው በጣም መጥፎ ነው» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

የጎባ ቡድን ሊመጣ ነው ተብሎ የምርጫ ኮሚቴ ተቀመጠ። መስፈርቱ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ሥነ ምግባር፣ በመጨረሻም የመወርወር ችሎታ ነበር። እኔ የጠቆምኳቸው ኦቦ ከድር ያለፉት በመወርወር አይደለም። ሃያ ዓመት በር ላይ በመቆማቸው ነው።

ኮሚቴው ሲበተን አቶ ተስፋዬ ወደ ጎን ወሰዱኝ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጎባ አሸንፎናል፤ የእኔ ውል ደግሞ የሚያልቀው በዚያው ወር ነው። «ዘበኛህን አስገብቼልሃለሁ» አሉኝ። «ከተሸነፍን ውል ይታደስልኝ ብለህ ቢሮዬ እንዳትመጣ።»

በግጥሚያው ቀን መጀመሪያ እኛ መታን፤ ቀጥሎ ጎባዎች። ጌታሁን ሮጠ፣ አቃሰተ፣ ስንዴውን ኳስ አጠገበው። ኦቦ ከድር ግን በሦስት ዙር ሦስት ሩጫ ብቻ ሰጡ። ተመልካቹ አልወደዳቸውም። «ሰውዬው ጨዋታውን አደረቀው!» «ጌታሁን ይግባልን!» ይላል።

የጎባው ምርጥ መቺ፣ አንድ ወጣት ፋርማሲስት፣ ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ አንድ ከፍ ያለች ወርውሩልኝ እንጂ! እንግዳ እኮ ነኝ!»

«ምሳ አብልተንሃል፤ ሌላ ምን ጎደለህ?» አሉት ኦቦ ከድር።

አንድ ዙር ቀረ። ጎባ ለማሸነፍ ዘጠኝ ሩጫ ያስፈልገዋል። ኦቦ ከድር ገና ተራ ነበራቸው፤ ኳሱም እጃቸው ላይ ነው። በዚህ መሐል የኮሌጁ ዲን ከስብሰባ ወጥተው ደረሱ። ኮታቸውን አወለቁ። ፎቶ አንሺው ተከተላቸው። አቶ ተስፋዬ ኳሱን ከኦቦ ከድር እጅ ወስደው በሁለት እጃቸው ለዲኑ አቀረቡ።

ውሌ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ደብተሬን ከፍቼ ወደ ዲኑ ሄድኩ።

«ይህ ባለፈው ዓመት የወረወርኩት ነው?» አሉኝ ገጹን እያዩ።

«አዎ፣ ክቡር ዲን።»

«እነዚህ ሁለት ክቦችስ?»

«ስንዴ ውስጥ ገብተው ያልተገኙ ኳሶች ናቸው።»

አቶ ተስፋዬ ሳል ያዛቸው። ዲኑ ፎቶ አንሺውን ዞር ብለው አዩና «ዘንድሮ ተሻሽያለሁ» አሉ።

የመጀመሪያው ኳስ ስንዴ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም። ሦስተኛ አላስፈለገም። ተማሪው አጨበጨበ፤ ዲኑም ለእሳቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሡ።

ሪፖርቱ «ክቡር ዲኑ በመጨረሻው ዙር ባሳዩት ከፍተኛ ተሳትፎ ውድድሩ በድምቀት ተጠናቋል» ይላል። የሽንፈቱ ምክንያት ደግሞ «የመዝጋቢው የቅንጅት ጉድለት» ተባለ። እንዳትመጣ ብባልም ቢሮ ሄድኩ።

«ምን ላድርግህ?» አሉኝ አቶ ተስፋዬ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ። «ያሸነፉን ዲኑ ናቸው ብዬ ልጻፍ?»

ውሌ አልታደሰም። ስወጣ ኦቦ ከድር በደንቡ መሠረት ቦርሳዬን ፈተሹ። «ማል ጎና፣ ጉርባ፣ ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። «ኳሱን ዝም ብዬ ሰጠሁ። አለቃ ከእጅህ ሲወስድ ምን ትላለህ?»

ከእኔ ቀጥሎ መዝገቡን ለሚይዝ፦ ሜዳው ለመቺ ሲያደላ ተመልካች የሚሰለቸውን ወርዋሪ ምረጥ። የመጨረሻውን ዙር ማን እንደሚወረውር ደግሞ ዲኑ ከስብሰባ ሳይወጡ ጽፈህ አስፈርም።