ብረት ይሉት የነበረው እርሳስ

የባሌን ታላቅ ወንድም አልወደውም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። የሞተ ሰው በክፉ አይነሳም ይላሉ፤ እሱ ግን አልሞተም፣ ደህና ነው፣ አንድ ጥርስ እንኳ አልጎደለውም። ስለዚህ እንደ ልቤ እናገራለሁ።

ዋርሳዬ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባትሪ ቤት ነበረው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በነበሩት ዓመታት የጭነት መኪናውም ሚኒባሱም በከተማችን እየበዛ ሄደ፤ አዲስ ባትሪ ግን እንደ ልብ አይገኝም፣ ቢገኝም አይቀመስም። ሰው ሁሉ አሮጌውን ያስጠግናል። ከመኪናው ሌላ ደግሞ የገጠር አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ። መብራት ስላልገባላቸው ለጉባኤ የድምፅ ማጉያ የሚያሠሩት በመኪና ባትሪ ነው፤ ከበዴሳ፣ ከቢጠና፣ ከሃላሌ ሳይቀር በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው ያመጡለታል። ዋርሳዬ ለአጥቢያ በነፃ ቻርጅ ያደርጋል፣ በነፃ ያስጠግናል። በዚህ ስሙ ገኖ በየጸሎቱ ይነሳል። ሲነሳ እኔ ዓይኔን አልጨፍንም ነበር፤ ነፃ የተባለው ነገር ከማን ጉልበት እንደሚወጣ አውቃለሁና።

ባሌ የሚሠራው የባትሪ ቤቱ ጓሮ ውስጥ ነው። የደከመ ባትሪ ሲመጣ ላዩን የያዘውን ሬንጅ በጋለ ቢላ ይቆርጣል፣ አሲዱን ይደፋል፣ ውስጡ የተደረደሩትን ፕሌት የሚባሉ ስስ ሰሌዳዎች አንድ በአንድ ያወጣል። የተበላሹትን ከተቆረጠ የጋዝ ሲሊንደር በተሠራ ማቅለጫ ውስጥ ከትቶ ከሰል ላይ ይጥዳል፤ የቀለጠውን በቅርጽ እያፈሰሰ አዲስ ራስና ማያያዣ ያወጣል። ሲቀልጥ እንደ መስታወት ያበራል። ላዩ ላይ ግራጫ አመድ ሲይዝ በማንኪያ እየገፈፈ አጠገቡ ይደፋዋል። በዚያ ቤት የዚህ ነገር ስሙ ብረት ነበር። «ብረቱ ቀለጠ?» «ብረቱን አውጣ» ይባላል እንጂ ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም። ምሳውንም የምልክለት እዚያው ነው፤ ከማቅለጫው አጠገብ የእንሰት ቅጠል ዘርግቶ በዚያው እጁ ይጎርሳል።

ዋርሳዬ ጓሮው ውስጥ አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ ያዛል። ጨካኝ እንዳይመስላችሁ ግን፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ለባሌ ያቀርባል። ጋራዥ የሠራ፣ ቀለም የቀባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። «እኔ ወንድሜን በወተት ነው የማሠራው» እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፤ መርዝ ከሌለ ወተቱ ለምንድን ነው?

አንድ ክረምት ላይ ባሌ ምግብ አልጥመው አለ። «ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል» አለኝ። ማጀቴን የሰደበ መስሎኝ በጣም ተናደድኩ። ድስቱን በአመድ ፈተግኩት፣ ቅቤውን ከሌላ ሰው ገዛሁ፤ አሁንም ሳንቲም ሳንቲም ይላል። «እንግዲያው እናትህ ዘንድ ሄደህ ብላ» ብዬው ለብዙ ቀን ተኳረፍን። እናቱ ዘንድም ሄዶ በላ፤ እዚያም ያው ሆነበት። ከዚያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፣ ከዚያ ጭንቅላቱን እንደ ገመድ ጥብቅ አድርጎ ይይዘው ጀመር። አንድ ጠዋት ሻይ ስሰጠው ብርጭቆው ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። ብርጭቆውን አላየሁትም፤ እጁን ነው ያየሁት። አንጓው ላይ ዝልፍልፍ ብሎ ተንጠልጥሏል።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ክንዱን በመለኪያው ጨርቅ አስረው ለኩት፣ አላመኑም፣ ደግመው ለኩት። ደም ብዛት ነው አሉን።

ይህን ስም ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ጠላቴ ነው። ሐኪሞቹ ግፊት ይሉታል፣ ሕዝቡ ብዛት ይለዋል። ብዛት ከተባለ ደም የበዛበት ሰው የጠገበ ሰው ነው፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ያጠገበው አለ። ባሌ አንገቱ የቀጠነ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ነው። ይህን ያየ አልነበረም። ሁሉም ያየው እኔን ነው።

እኔ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ብሆንም አባቴ በመንግሥት ሥራ የመጣ ስለነበር የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ነው። የባሌ ቤተሰቦች ሊያመሰግኑኝ ሲፈልጉ በወላይትኛ፣ ሊወቅሱኝ ሲፈልጉ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ወቀሳው እንዳያመልጠኝ። ደም ብዛቱ ከተሰማ በኋላ ወላይትኛ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«ይሄ ሴትዮ ቅቤ ያበዛል» ብሎ ከሰሰኝ ዋርሳዬ ለአጥቢያው ሽማግሌዎች። «ጨው ያበዛል። ዳታ ያበዛል። ወንድሜን የጨረሰው ማጀት ነው።» ዳታ የሚለው በርበሬውና ቅመሙ አብሮ የሚፈጨውን፣ ሥጋ ሁልጊዜ የሚበላበትን ማባያችንን ነው። ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጥተው መከሩኝ። ምክራቸውን አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ ሲጨርሱ ቅቤ የጠጣ ቆጮና ዳታ አቀረብኩላቸው። ጠርገው በልተው ባረኩኝና ሄዱ። አንዳቸውም ደም አልበዛባቸውም።

እልህ ይዞኝ የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ጨው ከለከልኩት። ቅቤ ከቤቴ ወጣ። ባሌ በአልጫ ጎመን እየከሳ ሄደ፣ ክኒኑንም ሳያጓድል ዋጠ፤ ግፊቱ ግን ወይ ፍንክች። በየቀጠሮው ስንሄድ ነርሷ እኔን ገልመጥ ታደርገኛለች። ስታስለካው ቆይታ ማታ ማታ ቅቤ ታጎርሰዋለች ብላ ያሰበች ይመስለኛል።

በኋላ አንድ ጤና መኮንን ተመድቦ መጣ። ወጣት ነው፣ ፊቱ አይፈታም፣ ሰላምታም አያበዛም። እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ብረት አቀልጣለሁ» አለ ባሌ።

«ምን ዓይነት ብረት?»

«የባትሪ።»

መኮንኑ አፉን አስከፍቶ ከንፈሩን ገለበጠው። ድዱ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሰማያዊ ጥቁር መስመር ነበር። እኔ የማውቀው መስመር ነው፤ በመፋቂያ ቢፍቀው ቢፍቀው አልለቅ ብሎት ነበር። «ብረት አይደለም፣ እርሳስ ነው» አለ መኮንኑ። «በጢሱም በአመዱም ይገባል። ደም ውስጥ ይቆያል፣ አጥንት ውስጥ ይከማቻል። ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ደምዎን መርምሬ ላረጋግጥልዎ እዚህ መሣሪያው የለንም፤ ግፊቱ የመጣው ከእሱ ብቻ ነው ብዬም አልምልልዎትም። ግን ሥራውን ሳይተዉ ክኒኑ ብቻውን አያድንዎትም። በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን የጭንቅላት ደም ሥር ይበጠሳል።»

እውነቱን ለመናገር፣ እርሳስ ሲል እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ ተማሪ የሚጽፍበት ነው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷል፤ ለዋርሳዬም የተመቸው ይኸው ነው። የመኮንኑን ቃል ባትሪ ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። ከዚያ ሂሳብ የሚጽፍበትን እርሳስ ከሸሚዝ ኪሱ አወጣና ደንበኞቹ ፊት ጫፉን ላሰው።

«ይኸው ላስኩ። ሞትኩ?» አለ። «እርሳስ ከገደለማ የሶዶ አስተማሪ ሁሉ አልቆ ነበር!»

መናኸሪያው በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ሳልፍ ሹፌሮቹ «እርሳስ ገዳይ ነው፣ በእስክሪብቶ ጻፉ» ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን የዋርሳዬ ሆድ ምን እንደሚያውቅ እኔ አላውቅም ነበር።

የከፋኝ የሱ ሳቅ አይደለም። ባሌ ራሱ አላመነም። «ጉዳት ቢኖረው ወንድሜ አይነግረኝም ነበር?» ይለኛል። «ከእኔ በፊት ለዓመታት ያቀለጠው እኮ እሱ ነው። ይኸው ደህና ነው።» ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩበት። ሌላ ሥራ እንፈልግ፣ ወፍጮ ቤት ግባ፣ እኔ ገበያ ልውጣ አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ። ጠዋት እየተነሳ ወደ ጓሮው ይሄዳል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያ የተባለው ደም ሥር ሳይበጠስ ከዚያ ጓሮ እንዲወጣልኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ደጅ የሚሮጥ ሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ሊያረዱኝ የመጡ እየመሰለኝ በሩን እከፍታለሁ።

ጊፋታ ደረሰ። በወላይታ ዘመን ሲለወጥ ቤተሰብ ሁሉ በታላቁ ቤት ይሰበሰባል፤ የእኛ ታላቅ ደግሞ እሱ ነው። በሬው ታርዶ ወንዶቹ ቢላ ቢላቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዋርሳዬ ሥጋውን እያዞረ ባሌ ዘንድ ሲደርስ አለፈውና ከወጥ ቤት አንድ ሳህን አስመጣለት። የተቀቀለ ነው፤ ጨው የለው፣ ዳታ የለው።

«አንተ ይሄን ብላ። ሚስትህ እርሳስ ነው እያለ በከተማ ያስወራል እንጂ ደም ብዛት ነው» አለ፤ ቤቱ ሳቀ። ባሌም እንደ ሌላው ፈገግ አለ። እጁ ሳህኑን አጥብቆ መያዝ አቅቶት በጉልበቱ ሲደግፈው አየሁና ተነሳሁ። ሴት በዚያ ሰዓት አትናገርም። አማቴ ቀሚሴን ጎተተች።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከባሌ በፊት ብረቱን የምታቀልጠው አንተ ነበርክ። ለምን ተውከው?»

«ቁጭ በል!» አለኝ። በአማርኛ ሲቆጣ ሴት መሆኔን ይረሳል።

«እቀመጣለሁ። ለምን ተውከው?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ያ ሰው ዝም ቢል ኖሮ፣ ወይም ሥራ በዛብኝ ቢል ኖሮ፣ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ግን ሰው ዝም ብሎ ሲያየው መድረክ ላይ የቆመ ይመስለዋል። በአጥቢያው ምስክርነት የሚወድ እንደሱ የለም። ሚኒባስ ቢያመልጠው ይመሰክራል፣ ሚኒባስ ቢያገኝ ይመሰክራል። ቢላውን አስቀመጠና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«እኔም ታምሜ ነበር!» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ራሴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ነበር። ሆዴ ቆረጠኝ። የበላሁት ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም አለኝ። ይሄ እጄ ማንኪያ አልያዘም! ተንበረከክሁ፣ ጾምሁ። ጌታም 'ከዚህ እሳት ውጣ' አለኝ። ወጣሁ! ማቅለጫውን ለወንድሜ ሰጠሁ፤ ሳይከርም ራስ ምታቱ ተወኝ፣ እጄ ተመለሰ። ጌታ ፈወሰኝ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ልማድ ነው። ምስክርነት ሲያልቅ አሜን ይባላል፣ ምን እንደተባለ የሚታሰበው በኋላ ነው። አሜኑ ጣሪያው ላይ ደርሶ ሳይመለስ አንድ ሽማግሌ የያዙትን ሥጋ ቀስ ብለው ሳህኑ ላይ መለሱት። ከዚያ አማቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዋርሳዬ ራሱ የተናገረውን ሰማው። የዘረጋውን እጅ ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆየ።

ባሌ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ተነሳ። ማንንም አላየም። ደጁ ላይ ካለው ጀሪካን ውሃ እያፈሰሰ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ብዙ ታጠበ። እኔ ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኩት። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከኋላችን «ታ ኢሻው!» ሲል ሰማን። ወንድሜ ማለቱ ነው። ባሌ አልዞረም።

ባሌ ወደ ባትሪ ቤቱ አልተመለሰም። ወፍጮ ቤት ገባ፣ በኋላ ዘበኛ ሆነ። እጁ ቀስ በቀስ ጸና፤ ግፊቱ ግን ቀነሰ እንጂ አልተወውም፣ ኩላሊቱም ተጎድቷል ተብሏል፤ እስከ ዛሬ ክኒን ይውጣል። ዋርሳዬ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ ወተትም ይሰጠዋል አሉ። ለይቅርታ ሽማግሌ ሲልክብን ባሌ ደጅ ወጥቶ ተቀበላቸው። እኔ በሩን አልከፈትኩላቸውም፣ ዛሬም ቢመጡ አልከፍትም።

ያን ዕለት ወደ ቤታችን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ለጊፋታ በለበሰ ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ስሳደብ ነው የወረድኩት፤ በሁለቱም ቋንቋ። ባሌ ከፊቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር። ቤታችን በር ላይ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ቆመ፣ አልከፈተውም።

«እኔም እኮ» አለ፣ «አሜን ብያለሁ።»