የተቆረጠው ቀይ ጠርዝ

ዛሬ ጠዋት ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ ከምሠራበት መጋዘን ፊት ለፊት፣ አንድ ሰው ፒካፑን ከመኪናዬ አጠገብ ፓርክ አደረገ። የኋላ መስታወቱ ላይ የጉዋም ባንዲራ ተለጥፏል። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ጠርዝ ፍም መሰለ። ይገርምሻል፣ ሃያ ዓመት አልፎትም ደሜ ፈላ።

ያኔ እዚሁ ዳላስ አካባቢ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ነበርን፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር፤ የአንዲት የክፍል ጓደኛዬም አባት አብሮት ይሠራል። የጓደኛዬ ቤተሰቦች ከጉዋም ነው የመጡት፤ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ አሜሪካ የምታስተዳድራት ደሴት ናት። ለትምህርት ቤቱ የባህል ቀን እናቷ ባንዲራቸውን በእጇ ሰፋችላት። አዲስ አዲስ ጨርቅ ይሸታል። ጓደኛዬ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ አስረዳችኝ፤ መሃሉ ላይ ያለው ሁለት ጫፉ የሾለ ሞላላ ቅርጽ አያቶቻቸው በወንጭፍ የሚወረውሩት ድንጋይ ነው፤ የኮኮናቱ ዛፍ አሸዋ ላይ በቅሎ ማዕበል የማይጥለው፤ ጀልባዋ ደግሞ የባሕረኞቻቸው ድፍረት። ዙሪያውን የከበበውን ቀይ በጣቷ እየተከተለች፣ "ይሄ ደማችን ነው" አለችኝ።

አስተማሪዋ ግን የሚሰቀለው የአገር ባንዲራ ብቻ ነው፣ ጉዋም አገር አይደለችም አለች። ጓደኛዬ አጎቷ የአሜሪካን ዩኒፎርም ለብሶ መሞቱን ተናገረች። ሶ፣ አስተማሪዋ "ኦኬ" ብላ ግድግዳው ጥግ ላይ ቦታ ሰጠቻት፤ ቦታው ስለሚጠብ ግን ጠርዙ ይቆረጥ አለች። መቀሱን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ብላ አሞገሰችኝ። እኔም ሙገሳው ደስ ብሎኝ ቆረጥኩት። አራቱንም ጎን። የመቀሱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጓደኛዬ አላለቀሰችም። "ነግሬሽ ነበር" ብቻ አለችኝ።

አስተማሪዋን ዛሬም ይቅር አላልኳትም። ከሷ የባሰ የምታናድደኝ ግን ያቺ መመስገን የወደደች ልጅ ናት።

ቤት ስገባ ለአባቴ አስተማሪዋ አዝዛኝ ነው የቆረጥኩት አልኩት።

"እሷ ብታዝዝሽስ፣ እጁ የማን ነው?" አለኝ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እነጓደኛዬ ቤት ወሰደኝ።

እናትየዋ ይቅርታዬን ሰማችኝ፤ ራሴን ዳበስ አድርጋ ሩዝና ዶሮ አቀረበችልኝ። ጓደኛዬ መኝታ ቤቷ ውስጥ ነበረች። ሄጄ ስሟን ጠራሁ። ከበሩ ሥር የሁለት እግሮቿ ጥላ ይታየኛል፤ እዚያው ቆማለች። ምግቤ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኳት። አልከፈተችልኝም።